ልጃችሁን ዲቤት (የክርክር) ክለብ ልታስገቡ ላሰባችሁ

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደነፈግኩት እመጣበታለሁ።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሐበሻ ወላጆች ልጅ ሃይስኩል ሲገባ የምናስበው ሒሳብና ሳይንስ፣ ቢበዛ ኳስ ነው። ዲቤት ሲባል "ደግሞ አፍ መመለስ ይማሩልኝ?" የሚል ብዙ ነው። የእኔዋ ግን ከትንሽነቷ ፖለቲከኛ እሆናለሁ ባይ ናት። ትምህርት ቤቷ ያለው ክለብ ገባች፣ የእኔም ቅዳሜ አብሮ ሄደ። እና ለፖለቲካ ያዘጋጃል ወይ?

ያዘጋጃል፣ ግን ሁላችንም በምናስበው በኩል አይደለም።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ፐብሊክ ፎረም የሚባለው የክርክር ዘርፍ ውስጥ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነው ይከራከራሉ፣ ርዕሱ በየወሩ ወይ በየሁለት ወሩ ይቀየራል። የትኛውን ወገን እንደሚይዙ ቀድመው አያውቁም፤ ሳንቲም ይጣላል። ስለዚህ ጠዋት "የኒውክሌር ማመንጫ ይስፋፋ" ብላ የተሟገተች ልጅ ከምሳ በኋላ አይስፋፋም ብላ ልትቆም ትችላለች። መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ ልጅን ወላዋይ የሚያደርግ ነው የመሰለኝ። አሁን ግን ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ መልስ ከመስጠቷ በፊት የእኔን ሐሳብ ከእኔ አሳምራ ትነግረኛለች። ያናድዳል፣ ግን ስንት የፓርላማ አባል ነው ይሄን የሚችለው?

ማስታወሻ የሚይዙበትን ወረቀት ደግሞ ማየት አለባችሁ። ፍሎው ይሉታል። የራሳቸው ነጥብ በአንድ ቀለም፣ የተቃራኒው በሌላ ቀለም፣ ከዓምድ ወደ ዓምድ ቀስት። መልስ ያላገኘ ነጥብ ካለ አጠገቡ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያቺን ባዶ ቦታ ያየ ልጅ ተነስቶ "ለዚህ መልስ አልሰጡንም" ይላል፤ ያልመለስከው ነገር እንዳመንክ ይቆጠርብሃል። የድሮ ሰው በበላ ልበልሃ ነገር እየቆጠረ፣ በግጥም እየደረደረ ይሟገት የነበረውን እነዚህ በስክሪፕቶ ያደርጉታል። ክለቡ ከምላስ ይልቅ ጆሮ ነው የሚያሰለጥነው።

ዳኝነቱ ላይ ሳቄ መጣ። ክለቦች ለውድድር ሲመዘገቡ ዳኛ ይዘው መምጣት አለባቸው፣ ስለዚህ ወላጅ ይለመናል። አጭር ገለጻ ቢጤ ሰጥተው ያስቀምጧችኋል። ልጆቹ ሳይጀምሩ ይጠይቃሉ፦ "ዳኝተው ያውቃሉ? በፍጥነት ብንናገር ይከተሉናል?" አንዱን ልጅ ቀስ በልልኝ አልኩት። አህጽሮተ ቃሉን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ትቶ "የመብራት ቢልዎ ሲመጣ" ብሎ ጀመረ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ማን እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ገባው። ይሄ ነው ፖለቲካ ማለት! ለነገሩ አላሸነፈም፣ ጓደኛው አበላሸበት።

ፖለቲካ በእውነት የምትፈልግ ልጅ ግን ኮንግረስ የሚባለውን ዘርፍ ትሞክር። ተማሪዎቹ የሕግ ረቂቅ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ሰብሳቢ ይመርጣሉ፣ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ደግፈውም ተቃውመውም ይናገራሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። ሌላው ያለውን የደገመ ነጥቡ ይቀንሳል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ኮሪደር ላይ ማየት ነው፤ ማን ማንን ሰብሳቢ ያድርግ፣ የማን ረቂቅ ይቅደም እያሉ ሹክሹክታ። ከስብሰባው የበለጠ የሚማሩት እዚያ ይመስለኛል።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። ዲቤት ውስጥ ሰዓት የሚይዝ አለ፣ አዳምጦ የሚፈርድ አለ፣ የተሻለ የተከራከረ ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። ምርጫ እንዲህ አይደለም። የማሳቹሴትሷን ሴናተር ኤልዛቤት ዋረንን ውሰዱ። ከኦክላሆማ ሃይስኩል በዲቤት ስኮላርሺፕ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ16 ዓመቷ ነው። በየካቲት 2020 የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ስትወዳደር፣ ላስ ቬጋስ ላይ ተፎካካሪዋን የቀድሞውን የኒውዮርክ ከንቲባ ብሉምበርግን መድረክ ላይ ድራሹን አጠፋችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በራሷ ግዛት በማሳቹሴትስ ድምፅ ሲሰጥ ሦስተኛ ወጣች። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊንደን ጆንሰን ደግሞ በ1930 ሂዩስተን ከተማ ሳም ሂውስተን ሃይስኩል ሲያስተምር የዲቤት አሰልጣኝ ነበር፤ ሴኔት ከገባ በኋላ ግን ስሙ የገነነው በንግግር ሳይሆን አንዱን ሴናተር ጥግ አስይዞ፣ አፍንጫው ሥር ገብቶ በማግባባት ነው። በር እያንኳኩ "ምን ቸገረዎ?" ብሎ ማዳመጥን ክለቡ አያስተምርም። ያንን የምርጫ ዘመቻ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ነው የሚማሩት።

ፖሊሲ የሚባለው ዘርፍ ላይ ደግሞ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው በፍጥነት ያወራሉ። ጥናታቸው ጥልቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ነው የሚቆፍሩት። ግን መራጭ ፊት እንዲህ የሚያወራ ሰው አምቡላንስ ነው የሚጠራለት።

የእኛ ክለብ አሰልጣኝ ዋንጫ ያመጡትን ብቻ ነበር የሚከታተለው፣ ጀማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ነው የተማሩት። ስትመዘግቡ ጀማሪን ማን እንደሚያሰለጥን ጠይቁ።

ብሩን በተመለከተ፣ ክለቡ ራሱ ብዙ አያስከፍልም። መመዝገቢያ፣ ጉዞና ሆቴል ሲጨመር ነው የሚያብጠው። ሰመር ካምፑ በሺዎች ዶላር ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እርሱት። እ.ኤ.አ. በ1985 አትላንታ ላይ የተጀመሩት ኧርባን ዲቤት ሊጎች ደግሞ አቅም ላነሳቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች የታሰቡ ናቸው፤ አካባቢያችሁ ካለ ጠይቁ።

ቅዳሜ ስትሄዱ ቡናችሁን በቴርሞስ ያዙ። እዚያ የሚሸጠው አይጠጣም።