ቁርባን ወይስ ማዘጋጃ ቤት?

ለመጋባት የተዘጋጁ ኦርቶዶክሳውያን ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጭቅጭቁ በየትኛው ሕግ ልኑር በሚለው ላይ ነው።

ወጪ፦ ሁለቱም ውድ አይደሉም። ኪስ የሚያራቁተው ድግሱ ነው።

አፈጻጸም፦ ማዘጋጃ ቤት ይቀላል። ዕድሜ 18 መሙላት፣ የሁለቱም ፈቃድ፣ በየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር፣ ፊርማ፣ አለቀ። ቁርባን ግን ከንስሐ አባት ይጀምራል። ንስሐ ገብተው፣ አስቀድሰው፣ አብረው ይቆርባሉ፤ ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ እስከ መኝታ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ብዙ ወጣት የሚያፈገፍገው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም አንድ ሥርዓት ስለሚጠብቁ ይተማመናሉ።

ስጋት፦ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በስምምነት መፋታትን ይፈቅዳል። ቤተ ክርስቲያን ግን ቁርባንን በቀላሉ አታፈርስም። ጽናቱን አከብራለሁ። የሚያንገበግበኝ በቤተሰብ ግፊት ቆርባ፣ ባሏ እየደበደባት "ቁርባን አይፈርስም፣ ቻይው" ተብላ የምትመለሰው ሴት ናት። ሕጉ የሃይማኖትንም ጋብቻ ስለሚቀበል ፍርድ ቤት መሄድ መብቷ ነው፤ ይህን የሚነግራት ግን ጥቂት ነው።

ለማን ይሆናል? ሁለታችሁም በጾም በጸሎት የምትኖሩና ማንም ሳይገፋችሁ የወሰናችሁ ከሆነ ቁርባን። አንዳችሁ የምታመነቱ ወይም ሃይማኖታችሁ የተለያየ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት። መጀመሪያ ተፈራርመው፣ ልባቸው ሲረጋ የሚቆርቡም ብዙ ናቸው። ቆርባችሁም ቢሆን ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ።