የጩኸት ማስቆሚያ ኮላር ለትንሽ ውሻ፦ ዓመት ሊሞላው ሲል

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኮላሩ ይሰራል ግን ለአንድ አይነት ጩኸት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሻችሁ ለምን እንደሚጮህ እዩት።

እቃው የቻይና ነው፣ ስሙን ብፅፈውም አይጠቅማችሁም ምክንያቱም ያው አንዱ እቃ በአስር ስም ነው የሚሸጠው። እኔ ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ በሰው ነው ያስመጣሁት። ጥቁር ማሰሪያ ነው፣ መሃሉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ፕላስቲክ አለች፣ ከውስጥ በኩል ሁለት አጫጭር የብረት ጥርስ ጎማ ለብሰው አንገቱን ይነካሉ። ሲጮህ መጀመሪያ ጢጥ ትላለች፣ ካላቆመ ቫይብሬት ታደርጋለች፣ ሾክም አላት ግን እሱን ገና ከካርቶኑ ሳወጣት ነው ያጠፋሁት። ሻጮቹ ሾኩን እንደ ትልቅ ነገር ያስተዋውቁታል፣ ዌልስ የሚባለው አገር ግን በፈረንጆቹ 2010 በህግ ከልክሎታል፣ አምስት ኪሎ የማይሞላ እንስሳ በኤሌክትሪክ ማስመታት ለኔ አይዋጥልኝም። የሴንሰሩ መጠን ከ1 እስከ 7 ይስተካከላል፣ እኔ 3 ላይ ነው የተውኩት፣ ከዛ በላይ ስታደርጉት ውሻው ሲያነጥስም ይነሳል።

ቡቺ ትንሽዬ ነጭ ፀጉራም ነው፣ ድምፁ ግን ከቁመቱ ጋር አይገናኝም። ያለነው ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር ነው፣ በራችን መንገድ ላይ ነው፣ ባጃጅ ያልፋል ጋሪ ያልፋል ተማሪ ያልፋል፣ ጠዋት ደግሞ የቆሎ ተማሪ መጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ሲጀምር ቡቺ አያስጨርሰውም፣ ልጁ ቁራሽ እንጀራውን ሳይቀበል ይሄዳል፣ እኛ በሃፍረት እየሮጥን እንጠራዋለን። ጎረቤታችን እቴቴ ከቅዳሴ መጥተው ጋደም ሲሉ እሱ ይጀምራል። አንድ ሁለቴ ችለው በኋላ «ምነው ልጄ፣ ይሄ ውሻ ጉሮሮው አይደርቅም?» አሉኝ። ኮላሩን ያየሁ ቀን ወዲያው ያዘዝኩት ለሳቸው ስል ነው፣ አንገቱ ላይ ሲያዩት ግን «ደሞ ማተብ አሰራችሁለት?» ብለው ሳቁብኝ።

የሰራበትን ልንገራችሁ። ቡና ሲፈላ «እዩኝ፣ ስጡኝ» እያለ የሚጮኸው ጩኸት ቶሎ ነው የቀነሰው፣ ጢጥ ስትል ዝም ብሎ ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ቫይብሬቱ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። የበሩም መጀመሪያ ላይ ቀንሶ ነበር፣ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ግን ለመደው፣ አሁን ቫይብሬት እያደረገበትም ጋሪ ካየ ይጮሃል።

ያልሰራበት ደግሞ ማታ ነው። እኛ ሰፈር ጅብ ይመጣል፣ ጅብ ሲሸተው የሚጮኸው ከቀኑ ሌላ ነው፣ ፈርቶ ነው የሚጮኸው፣ የፈራ ውሻ አንገቱ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ሲንዘፈዘፍበት ፍርሃቱ ይብስበታል እንጂ ዝም አይልም። አልጋ ስር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀው። ከዛ በኋላ ማታ አስሬለት አላውቅም። ደሞስ ማታ ይጩህ እንጂ፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ ሌባ ሲመጣ ማን ሊነግረን ነው?

ሌላው የሚያናድደው ሴንሰሩ በድምፅም ስለሚሰራ የሌላ ሰው ውሻ አጥር ስር መጥቶ ሲጮህ የኛው ዝም ብሎ ተኝቶ ይቀጣል። የባጃጅ ጡሩምባም አንዳንዴ ያስነሳዋል። ለጥምቀት ከዋዜማው ከጥር 10 ጀምሮ አውልቄለታለሁ፣ ከተማው ሁሉ ከበሮና እልልታ ሆኖ ያንን አስሮ መተው ግፍ ነው። ልትገዙ ከሆነ የጉሮሮ ንዝረትና ድምፅ ሁለቱም አንድ ላይ ካልመጡ የማይነሳውን ፈልጉ። አልትራሳውንድ የሚባለውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውንም ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። እኛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ነው የምንሰማው፣ እሱ ወደ 25 ሺህ አካባቢ ይጮሃል፣ ውሻ እስከ 45 ሺህ ስለሚሰማ ይረብሸዋል ነው ሃሳቡ። ችግሩ ግቢ ውስጥ ማንም ይጩህ ማን ሁሉንም ውሻ እኩል ነው የሚረብሸው፣ ቡቺ ደግሞ ዞር ብሎ አይቶት ጩኸቱን ቀጠለ፣ በቃ መለስኩለት።

ክረምት ላይ ፀጉሩ ሲረጥብ ከስሩ ቆዳው ቀላ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ህክምና ስወስደው ሐኪሟ ፀጉሩን ገልጣ አየችና ማሰሪያው ስር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት፣ ሲረጥብ አውልቁለት፣ ጥርሶቹ ያሉበትን ቦታ በየሰዓቱ ቀያይሩለት፣ ሙሉ ቀን አይዋልበት አለችኝ። ካርቶኑ ላይ ይሄ አልተፃፈም፣ ወይ ተፅፎ ከሆነም በቻይንኛ ነው።

አሁን የበሩን ጩኸት ምን ቀነሰው ካላችሁኝ ኮላሩ አይደለም። በሩ ስር ክፍተት ነበር፣ ቡቺ እዛ አፍንጫውን አስገብቶ የሰው እግር ነው የሚያየው፣ በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ዘጋሁት፣ እግር ማየት ሲያቆም ከግማሽ በላይ ጩኸቱ ጠፋ። የቀረውን በዳቦ ቆሎ ነው የጨረስነው። ሲጮህ «በቃ» አንዴ ብቻ እላለሁ፣ አልጮህበትም ምክንያቱም ስትጮሁበት አብራችሁ የምትጮሁ ነው የሚመስለው፣ ዝም ሲል ወዲያው አንድ ፍሬ። መጀመሪያ ስጋ ነበር የምሰጠው፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ቤታችን ስጋ አይገባም፣ ስለዚህ እናቴ ሚጥሚጣም በርበሬም የሌለው ዳቦ ቆሎ ለብቻው ጠበሰችለት፣ እየተነጫነጨች። ከወጥ ላይ እያወጣችሁ እንዳትሰጡ ግን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ቋንጣም ያው ቅመም ስላለው አይሆንም።

ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ ይዤው እወጣለሁም፣ ያልደከመ ውሻ ስራው መጮህ ነው። በገመድ ውሻ ይዞ መሄድ ጎንደር ላይ ሰው ያሳይባችኋል፣ ልጆች ይከተሏችኋል፣ ቻሉት።

ኮላሩ አሁንም አለ፣ እንግዳ በዝቶ ቡና ሲፈላ ለአንድ ሰዓት አስርለታለሁ፣ ቻርጁም መብራት በጠፋ ሳምንት ሳይቀር አስቸግሮኝ አያውቅም፣ አንዴ ከሞላ ብዙ ቀን ይቆያል። የላላውን ማሰሪያ ሊስትሮ ሰፍቶልኛል። የብረቱ ጥርስ ላይ ያለው ጎማ ግን አንዱ ጠፍቷል፣ ያለ እሱ ብረቱ ቆዳውን ስለሚወጋ ለጊዜው በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፣ ጎማውን ለብቻው የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።