የቦርድ አባላት ስልጠናው እንዴት ነበር
የአንድ አክሲዮን ማህበር ቦርድ ፀሀፊ ነኝ፣ በቅርቡ አዲስ አበባ ላይ በውጭ ለጋሾች ብር የሚሰጥ የኮርፖሬት ገቨርናንስ (ኩባንያ እንዴት እንደሚመራና እንደሚቆጣጠሩት) ስልጠና ሁለት ቀን ገብተን ነበር፣ ሌሎች ድርጅቶችም እየተጠሩ ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጣም የወደድኩት የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ነው። በየጠረጴዛው አስቀምጠውን ለመለማመጃ የተፃፈ ቃለ ጉባኤ አደሉን፣ አንድ ዳይሬክተር የገዛ ወንድሙ ድርጅት መኪና እንዲያቀርብ እጁን አውጥቶ ድምፅ ይሰጣል። ሰብሳቢያችን ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና "እኛም እኮ እንዲህ አድርገናል" አሉ። ቤቱ ፀጥ አለ። እሷ ደቂቃ ብቻ ሁለቱን ቀን ታካክሳለች።

ቅር ያለኝ ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው፣ አስተርጓሚም የለም፣ ስንት ዓመት የሰሩ ትልልቅ ሰዎች አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ወጡ፣ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ በ1999 ወጥቶ በ2023 የተሻሻለው የኦኢሲዲ (በአብዛኛው ያደጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የኩባንያ አመራር መርህ ግማሽ ቀን ወሰደ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱን በከፊል የተካው የንግድ ህጋችን አዋጅ 1243/2013 ግን ሃያ ደቂቃ እንኳን አላገኘም! እኛ የምንጠየቀው በዚህ ህግ ነው እኮ። አሁን የአክሲዮን ግብይቱን የሚቆጣጠር የካፒታል ገበያ ባለስልጣን አለ፣ በእንግሊዝ መንግስት ገንዘብ የሚደገፈው ኤፍኤስዲ አፍሪካም ባለድርሻ የሆነበት፣ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ስራ ጀምሯል፣ እዛ ለመግባት የሚያስብ ኩባንያ ሂሳቡንና ውሳኔውን ለባለአክሲዮን ግልፅ ማድረግ ግዴታው ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። በአማርኛ ካዘጋጁት የኦዲት ኮሚቴያችንን በሙሉ ይዤ እመለሳለሁ።