ለአንድ የስፓኒሽ ተርጓሚ ምስጋና፣ የንግድ ሰነድ ለምታስተረጉሙም ጥቆማ

የአንድ የስፔን ልብስ ሻጭ ኩባንያን የማርኬቲንግ ዕቅድ ወደ እንግሊዝኛ የማስተርጎም ኃላፊነት የእኔ ነበር። ሰነዱ በምህጻረ ቃል የተሞላ ነው። መጀመሪያ የሠራልን ሰው «ፒ.ቪ.» የሚለውን ባገኘበት ሁሉ «የመሸጫ ቦታ» ብሎ ስላለፈው፣ አዲሱ የበጋ ልብስ የመደብር ዕቃ መስሎ ገዢዎች ፊት ቀረበ። በጣም አዘንኩ።

ለካ ፒ.ቪ. ሦስት ነገር ነው፤ ፑንቶ ዴ ቤንታ ከሆነ መሸጫ ቦታ፣ ፕሬሲዮ ዴ ቤንታ ከሆነ የመሸጫ ዋጋ፣ በልብስ ንግድ ደግሞ ፕሪማቤራ ቤራኖ፣ የፀደይና የበጋ ወቅት። ዛሬ የማመሰግናቸው ተርጓሚ ሥራውን ሲረከቡ ቀድመው የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አይደለም። «ሙሉውን ፋይልና ያለፈውን ዓመት ካታሎግ ላኪልኝ» አሉኝ። ከአጠገቡ ዓመት ካለ ወቅት፣ የዩሮ ምልክት ካለ ዋጋ እያሉ አንድ በአንድ ለዩት።

አንድ ዓምድ ግን ቀረ። አናቱ ላይ ፒ.ቪ.፣ ሥሩ 38፣ 45፣ 60 ይላል፤ ምልክት የለውም። ዋጋም የመደብር ብዛትም ሊሆን ይችላል። በግምት አልጻፉም። ለኩባንያው የምልከውን ጥያቄ ራሳቸው በስፓኒሽ አዘጋጅተው ሰጡኝ፤ መልሱ የመደብር ብዛት ሆነ።

ለእንግሊዝኛው ያደረጉት ጥንቃቄም አስደንቆኛል። ፒ.ዲ.ቪ. መደብሩ ነው፣ ፒ.ኤል.ቪ. መደብር ውስጥ የሚቆመው ማስታወቂያ፣ ቲ.ፒ.ቪ. የመክፈያ ማሽኑ። ሦስቱም በእንግሊዝኛ «ፒ.ኦ.ኤስ.» ሊባሉ ይችላሉ፤ እንዲያ ቢጻፍ ማሽን ይገዛ ወይስ ፖስተር ይታተም፣ ማን ያውቃል? እሳቸው እያንዳንዱን ሳያሳጥሩ ጻፉት። ፒ.ቪ.ፒ. የተባለው የሸማቾች ዋጋ ጋ ደግሞ በስፔን ተጨማሪ እሴት ታክስ አብሮ እንደሚታሰብ ማስታወሻ ጨመሩ፤ አሜሪካዊ ገዢ ታክሱ ክፍያ ላይ ይደመራል ብሎ ነውና የሚያስበው። አንባቢው እንግሊዛዊ ይሁን አሜሪካዊም ጠይቀውኛል፤ የመኸርና የክረምት ልብስ ምህጻር እንኳ በሁለቱ ዘንድ አንድ አይደለም።

ጥያቄ ስለሚያበዙ ጊዜ ይወስዳሉ፤ የሚያስቸኩል ሥራ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ ግን ለእያንዳንዷ ጥያቄ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

ፈቃዳቸውን ስለጠየቅኩ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ሰንጠረዡን ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩላቸው፤ ሙሉውን ፋይል ይፈልጋሉ።