ባለ 110 ሳንቲሜትር «አምስት በአንድ» ሪፍሌክተር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ከሁሉ የጠቀመው ጥቁሩ ገጽ ነው

ዕቃው ፎቶ ቤቶችና የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ተጣጣፊ ክብ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃን ማንጸባረቂያ፣ ነው። ሽፋኑ ብርማ፣ ወርቃማ፣ ነጭና ጥቁር ገጽ አለው፤ ዚፑ ተከፍቶ ሽፋኑ ሲወልቅ ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ ነጭ ጨርቅ፣ ማለትም ዲፊዩዘሩ፣ ብቻውን ይቀራል። ሲገዛ ዓይን የሚስበው ብርማው ነው፤ ለውጡ በካሜራው ስክሪን ላይ ወዲያው ስለሚታይ። በበጋም በክረምትም ከተሠራበት በኋላ ግን ደረጃው ይገለበጣል፦ ጥቁሩ አንደኛ፣ ዲፊዩዘሩ ሁለተኛ፣ ነጩ ሦስተኛ፣ ከዚያ ብርማው፣ ወርቃማው መጨረሻ።

ጥቁሩ ብርሃን አይጨምርም፤ ይቀንሳል። በክረምት ደመና ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ፊት ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩን ከፍሬሙ ውጭ ከጉንጩ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር አቅርቦ ማቆም በዚያ በኩል የሚገባውን ብርሃን ይውጠዋል፤ የጉንጭ አጥንትና የመንጋጋ መስመር ብቅ ይላል። ከአንድ ሜትር በላይ ከራቀ ልዩነቱ አይታይም ማለት ይቻላል። ጠይም ወይም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅርጹ የሚነበበው ከጥላው ይልቅ ከሚያንጸባርቀው ክፍል ስለሆነ፣ በአንድ በኩል ጥቁሩ ሲቆም በሌላው በኩል ሰፊ የብርሃን ምንጭ፣ ለምሳሌ መስኮት ወይም ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ፣ መኖር አለበት። አለዚያ ፊቱ ይጨልማል እንጂ ቅርጽ አያገኝም።

በሆላንዳዊው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓሊ በሬምብራንት ስም የሚጠራው አበራር የሚሠራውም በዚህ ገጽ ነው። ሰውየው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ በ45 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጥ። የክፍሉ አምፖል ይጥፋ፤ ቢጫ ብርሃኑ ከመስኮቱ ጋር ከተቀላቀለ በዋይት ባላንስ (በካሜራው የብርሃን ቀለም ማስተካከያ) አይስተካከልም። የመስኮቱ የታችኛው ግማሽ በመጋረጃ ቢሸፈን ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ከዚያ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር እስኪገናኝ ፊቱን ቀስ እያለ ወደ ጨለማው ያዙር፤ በጥላው በኩል ካለው ዓይን ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ይቀራል። ሦስት ማዕዘኑ ከዓይኑ ከሰፋ ዞሩ አንሷል፤ ጭራሽ ከጠፋ በዝቷል። የካሜራው መነሻ ቅንብር ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ከ400 እስከ 800 ነው፤ ፎከሱ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ።

ጥቁሩ እዚህ ለምን ያስፈልጋል? ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ራሱ ብርሃን ይመልሳል፤ ጥላውም ይሟሟል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ሳሎን ሲሆን ደግሞ ባሰ፤ የግድግዳው ቀለም ጉንጭ ላይ ያርፋል፤ በኮምፒውተር ማስወገዱም አድካሚ ነው። ጥቁሩ በግድግዳውና በፊቱ መካከል ሲገባ ሁለቱም ችግር አብሮ ይቆማል።

ለቡና ፎቶም ከዚህ የተሻለ የለም። የጀበና እንፋሎትና የዕጣን ጢስ የሚታዩት ብርሃን ከኋላ ወይም ከጎን ሲመታቸውና ከጀርባቸው ጨለማ ሲኖር ነው። መስኮቱ ከጀበናው በስተኋላ ጎን ይሁን፣ ጥቁሩ ደግሞ ከጀበናው አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቁም፤ ከቀረበ በጨርቁ ላይ ያለው ብናኝ ፎከስ ውስጥ ይገባል። ከፊት በኩል አንድ ነጭ ወረቀት ከካሜራው አጠገብ ማቆም በቂ ነው፤ የጠቆረው ሸክላ ነጩን እንደ ቀጭን መስመር ስለሚያንጸባርቅ የጀበናው አንገትና ሆድ ይለያል።

ዲፊዩዘሩ የእኩለ ቀን መሣሪያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ጀርባን ለፀሐይ መስጠትም አይረዳም። ጨርቁ ከራስ በላይ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር ሲዘረጋ ትንሿ የፀሐይ ክብ በሰፊ የብርሃን ምንጭ ትተካለች፣ ጥላው ይለሰልሳል። ነገር ግን ሰውየው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነስ ነው) ብርሃን ሲያጣ ከኋላው ያለው ምንም አያጣም፤ ስለዚህ ጀርባው ነጭ ሕንፃ ከሆነ ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የዛፍ ጥላ ወይም የድንጋይ ግንብ ይምረጡ።

ነጩ ፀሐይን ከጀርባ አድርገው ሲያነሱ ይጠቅማል፤ ብርሃኑን ስለሚበትን ከአንድ ሜትር መራቅ የለበትም። ብርማው እንደ መስታወት ስለሚልክ ከሦስት ሜትርም ይደርሳል፤ ግን ዓይን ያስጨፍናል። ሁለቱም ከደረት በታች ከተያዙ የአፍንጫው ጥላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊቱም ያስፈራል። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትነሳ ነጠላዋ ራሱ ሪፍሌክተር መሆኑን አይርሱ፤ ጭኗ ላይ ሲዘረጋ ከአገጭ በታች ያለውን ጥላ ይከፍታል። ያ ሁሉ ነጭ የካሜራውን ልኬት ስለሚያታልል በስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው የካሜራው ምርጫ) ፊቷን ይለኩና በሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳየው ግራፍ) ጥለቱና ሸማው አለመቃጠላቸውን ያረጋግጡ።

ወርቃማው ቆዳን ቢጫ፣ ሸማን በአንድ ጎን ብርቱካንማ ያደርጋል። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የፀሐይዋ ብርሃን ራሱ ወርቃማ ሲሆን ካልሆነ አያስፈልግም።

ከወራት በኋላ ጉዳቱ የት ታየ? የብርማው ቅብ በማጠፊያው መስመር ተሰነጣጥቋል፣ ቅንጣቱም ልብስ ላይ ይራገፋል። ዚፑ ቀድሞ የሚደክም ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊ ይቀይረዋል። ሽፋኑ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ በረኪና አይደረግበትም፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ እርጥብ ሆኖ በክረምት ከታጠፈ ይሻግታል። የብረት ቀለበቱ የሚጣመመው በኃይል ተጭነው ሲያጥፉት ነው። በሁለት ተቃራኒ ጠርዞች ይያዙት፣ አንዱ መዳፍ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች፣ በተቃራኒ እየጠመዘዙ ያቀራርቡ፤ ራሱ በሦስት ክብ ይተኛል። ሲከፍቱ ከሰው ፊት ያርቁት፤ ተስፈንጥሮ ነው የሚዘረጋው። ነፋስ ካለ ደግሞ በስታንድ ብቻ አይታመንም፣ የሚይዝ ረዳት ይኑር።

የራስና ትከሻ ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው 80 ሳንቲሜትሩ ይበቃዋል፤ ለሙሉ ቁመት 110ውም ይጠባል። ሱቅ ውስጥ ከፍተው ወለል ላይ ያስተኙት፤ ጠርዙ ከተነሳ ቀለበቱ ጠማማ ነው። በዲፊዩዘሩ ሥር ነጭ ወረቀት በስልክ ያንሱ፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ ሌላ ይጠይቁ።