አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል፦ ባትሪው ነው ወይስ ሞተሪኖው?

የድሮዋ ኮሮላ ጠዋት እምቢ ስትል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪ ነው። ብዙ ሰው ሳያረጋግጥ አዲስ ይገዛል፤ መኪናዋ ግን አሁንም አትነሳም። ያ ሁሉ ብር ያሳዝናል፤ ባትሪውንና ሞተሪኖውን (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ስታርተር) መለየት እኮ ከባድ አይደለም።

ድምፅ
ባትሪ፦ ሞተሩ እየጎተተ ይዞራል ወይም “ጠጠጠጠ” ይላል። የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል።
ሞተሪኖ፦ አንዴ “ቀጭ” ብሎ ዝም። መብራቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው።

ምርመራ
ባትሪ፦ ደህና ባትሪ፣ ሞተር ጠፍቶ በቮልት መለኪያ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ቁልፍ ሲዞር ከ10 በታች ከወረደ ደክሟል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ገመዱ የሚታሰርበትን ጫፍ እዩት። ነጭና አረንጓዴ ነገር ከጋገረበት፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን (የ“−” ምልክት ያለበትን) ገመድ ፈታችሁ በቤኪንግ ሶዳና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። አንዳንዴ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።
ሞተሪኖ፦ በደህና ባትሪና በንጹህ ገመድም ካልዞረ ወደ እሱ ሂዱ።

ወጪ
ባትሪ፦ ከሞተ መግዛት ነው።
ሞተሪኖ፦ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው፣ እያለቀ የሚሄደው ቁራጭ) ተቀይሮ ይሠራል። “ሙሉውን ቀይር” ከተባላችሁ፣ ተፈቶ ሳታዩ እሺ አትበሉ።

ማንዋል ከሆነች በሁለቱም ችግር ተገፍታ ልትነሳ ትችላለች፤ አውቶማቲክ ግን አትሞከርም።

ቆማ ከሰነበተች ወይም በብርድ ጠዋት ከሆነ ባትሪውን አስቀድሙ። ስትነዱ ውላችሁ ሞተሩ እንደሞቀ እምቢ ካለች ሞተሪኖውን። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ ሁለቱንም ተዉና ነዳጅና ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስዩ።