ዝቃጭ ማድረቂያውና የካርቦን ምድጃው፦ ከወራት በኋላ

ይህን ማሽን የሸጠልኝ ሰው ስለ ሙቀት ብዙ አውርቷል። ስለ መጣበቅ ግን ትንፍሽ አላለም።

ማሽኑ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የፍሳሽ ዝቃጭ አድርቆ ያቃጥላል። ሌላው ቆሻሻ የጠገበ አክቲቬትድ ካርቦን (ውኃ የሚያጣራ ባለ ብዙ ቀዳዳ ከሰል) አግሎ እንደገና ለሥራ ያበቃል። «ዝቃጩ ነዳጅህ ነው፤ ካርቦኑ በነጻ ይታደስልሃል» ተባልኩ።

ከሴንትሪፉጁ (ዝቃጩን አሽከርክሮ ውኃውን ከሚቀንሰው ማሽን) የሚወጣው ዝቃጭ 20 በመቶ ገደማ ጠጣር ነው፤ የቀረው ውኃ። ማድረቂያው ውስጥ መጀመሪያ ላይ ይታዘዛል። ጠጣሩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲደርስ ግን ማስቲካ ይሆናል። መቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩም ጭነት በዝቶበት ይቆማል። ከዚያ ማቀዝቀዝ፣ መክፈት፣ በአካፋ መፋቅ። ሽታውን ተዉት።

ሻጩ ቢሰማኝ «አያያዙን አላወቅክበትም» ይለኛል። ኧረ ተው ወንድሜ! የፍሳሽ ዝቃጭ ዓመሉ የትም ይኸው ነው። መላውም የታወቀ ነው፦ ከደረቀው ቀንሶ ከእርጥቡ ጋር መቀላቀል፣ ድብልቁን ከ60 በመቶ በላይ አድርሶ ማስገባት። ያንን ስንጀምር ትንሽ ተነፈስን። ግን መቀላቀያው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው! መጠኑ ትንሽ ከተዛባ ደግሞ ተመልሶ ይጣበቃል። ዛሬም ተጣብቋል።

«በነጻ» ያልከውንም እንተሳሰብ። 1 ቶን እርጥብ ዝቃጭ 200 ኪሎ ጠጣር አለው። የኛው በኪሎ 13 ሜጋጁል ቢሰጥ ድምሩ 2,600 ነው። ውኃው ደግሞ ከቅዝቃዜው ተነስቶ እስኪተን በሊትር 2.6 ሜጋጁል ገደማ ይፈልጋል። ከ800 ሊትሩ ጥቂቱ ከደረቀው ጋር ይቀራል፤ ለሚተነው 780 ሊትር ከ2,000 በላይ ሄደ ማለት ነው። በጭስ ማውጫና በግድግዳ የሚባክነውን ጨምርበት። ዝቃጩ ራሱን አድርቆ ያልቃል፤ ለካርቦኑ ጋዝ የምገዛው እኔ ነኝ።

ካርቦኑ እንኳ አያስቀይምም። በ100 ዲግሪ አካባቢ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ሲጨምር የያዘውን ይለቃል፣ ቀዳዳው ውስጥ ከስሎ የቀረውን ደግሞ ከ800 ዲግሪ በላይ እንፋሎት ያጸዳዋል። አየር ከገባ ካርቦኑ ራሱ ስለሚነድ በሩን መጠበቅ ነው። በየዙሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጎድላል፤ አዲስ እንሞላበታለን። የአዮዲን ቁጥሩ (የመምጠጥ አቅሙ መለኪያ) ከአዲሱ ዝቅ ይላል፣ ውኃው ግን ጠርቶ ይወጣል።

እንደገና ብገዛ ምድጃውን ብቻ ነው የምወስደው። መቅዘፊያ ፍቄ መምጣቴ ይሆናል እንዲህ የሚያናግረኝ፤ ሳይጣበቅ በሚያልፍ ሳምንት ብትጠይቁኝ ምናልባት ለዘብ እል ነበር። ለመግዛት ያሰባችሁ ግን ሻጩ በራሳችሁ ዝቃጭ ፊታችሁ ያሠራው። እስኪደርቅ ድረስም ከአጠገቡ እንዳትነሡ።